በረዶው ላይ ዝናብ የጣለበት ዓመት

ዘንድሮ ብርዱ ሳይመጣ ሄደ። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ፣ የካቲትም አለቀ፤ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ላይ በረዶ አንድ ቀን እንኳ መስኮቴን ሳይሸፍነው መጋቢት ገባ። ጎረቤቶቼ ደስ ብሏቸዋል። ከታች ያለችው ልጅ በቁምጣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ አገኘችኝና «እትዬ አስካለ፣ አየሩ አያምርም?» አለችኝ። «ያምራል» አልኳት። ምን ልበላት? በብርድ ወራት ሙቀት በመጣ ቁጥር እንደሚከፋኝ ለዚች ልጅ ከየት ጀምሬ ላስረዳት? ሰው ሁሉ ብርድን ይረግማል፤ እኔ ደግሞ ብርድ ያለጊዜው በመሄዱ ቤቴ የፈረሰብኝ ሰው ነኝ። የባለቤቴ የአየለ ሙት ዓመት በዚህ ሳምንት ነው። አንድ ልጃችን ሊዲያ በየዓመቱ ትመጣለች፣ ሻማ ታበራለች፣ «ደህና ነኝ እማ» ትለኛለች፣ ትሄዳለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጄ የሆዷን ነግራኝ አታውቅም። እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የምታጫውተኝ። ይህን ያመጣብኝ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከዚህ እጅግ ሩቅ የሆነ ባሕር ላይ የጣለ ዝናብ ነው፤ ዝናቡና ጋሽ ዘውዴ።

እኛ እዚህ አገር ስንገባ ብርድ የምር ብርድ ነበር። አሁን ልጆቹ በሹራብ ብቻ እየወጡ «ኮልድ ነው» ሲሉ ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያድርና ጠዋት መኪናው ከቁጥቋጦው አይለይም። አየለ ታክሲውን ፍለጋ ሲወጣ የሕንፃው አበሻ ሁሉ አብሮት ይወጣል። አካፋ ያለው ሰው ስለሌለ አንዱ የድስት ክዳን፣ አንዱ መጥበሻ፣ አንዷ የቆሻሻ ማፈሻ ይዘው ነው። አንድ ጊዜማ ስንት ደክመው ቆፍረው ያወጡት ታክሲ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቱ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሻዩን እየጠጣ በደስታ ሲያያቸው ኖሯል። ከአውቶቡስ ፌርማታው ጥግ ካለችው ሱቅ ቡና በሃምሳ ሳንቲም እንገዛ ነበር፤ ለመጠጣት ሳይሆን እጃችንን ለማሞቅ። ካፖርቴን የገዛሁት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በስድስት ዶላር ነው። ቡናማ ነው፣ ትከሻው የተደለደለ፣ ቁልፎቹ ደግሞ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ። እሱን ለብሼ አርሊንግተን ሆቴል አንሶላ ልቀይር ስሄድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የምገባ ይመስለኝ ነበር። አየለ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ከታች የሰፋውን ሱሪውን ዓለም ሁሉ ከተወው በኋላ እየለበሰ ነበር የሚነዳው፤ ታክሲው ውስጥ ያለችው ካሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ማጫወቻው በበላት ቁጥር በእስክሪብቶ ያጠነጥናታል። ከዘፈኖቹ የአንዷ ግማሽ ጠፍቶ ስለነበር እዚያ ስንደርስ ሁለታችን በአፋችን እንሞላለን። አሁን ሙዚቃ ሁሉ በስልክ ውስጥ ሞልቷል፤ አብሮ የሚሞላልኝ ሰው ነው የሌለው።

እሑድ አየለ ሥራ አይገባም ነበር። ገንዘብ ስለሌለን በነፃ የሚገባበት ቦታ ሁሉ የኛ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው የእንስሳት ማቆያ። ሊዲያ ቀይ ካፖርት ነበራት፤ እጅጌው ስለሚረዝምባት ሁለቴ አጥፌ ሰፍቼላት ነበር። ዝሆን አትል፣ አንበሳ አትል፣ በቀጥታ ወደ አንድ ገንዳ ትሮጣለች። ገንዳው ውስጥ እግር የሌላቸው የሚመስሉ፣ ጢማም፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ ጥቋቁር እንስሳት ይዋኛሉ። ስማቸውን በአማርኛ አናውቀውም ነበር። አየለ «የባሕር ውሻ» አላቸው፤ በኋላ መዝገበ ቃላት ብናይ፣ ፈረንጆቹ «ሲል» የሚሉትን አቆስጣ ይለዋል። ልጅቷ አጥሩን ይዛ ትቆማለች፣ አባቷ ከኋላዋ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ እግሬን እየመታሁ ብርዱንም ሁለቱንም እረግማለሁ።

«እማ፣ ሲሎቹ አይበርዳቸውም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ስብ አላቸው፤ እንደ አባትሽ» አልኳት። አየለ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ነርስ ትሆንልኛለች፣ ካልሆነ ፋርማሲ ትሠራለች ብዬ ሳስብ፣ አድጋ ስለነዚያው አውሬዎች ተማረች። ተምራም ሲልቨር ስፕሪንግ የባሕር ጥናት ቢሮ ገባች። በምረቃዋ ቀን ጋሽ ዘውዴ «አውሬ ለማጥናት አሜሪካ ድረስ መምጣት ያስፈልግ ነበር?» ብለው ቤቱን አሳቁት። ጋሽ ዘውዴ የአየለ የአጎቱ ልጅ ናቸው። ከሁላችንም ቀድመው የመጡ፣ ቤት የፈለጉልን፣ ለአየለ መኪና መንዳት ያስተማሩ፣ ሠርግ ቢሆን ሽምግልና፣ ሐዘን ቢሆን ቀብር፣ እሳቸው ሳይዙት የሚሆን ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ደግ ሰው ናቸው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሊዲያ በየዓመቱ የካቲት ላይ ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ ወደ በረዶነት ወደሚቀየርበት አገር ትሄዳለች፤ እስከ ግንቦት ከባልደረቦቿ ጋር በረዶው ላይ ድንኳን ተክላ ታጠናለች። እሑድ እሑድ በሳተላይት ስልክ ትደውላለች። አየለ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ ያደርግና ልክ ዜና እንደሚሰማ ሰው ጎንበስ ይላል።

«አባ፣ እናትየው ስኖው ውስጥ ዋሻ ትቆፍራለች። ልጇን እዚያ ነው የምትወልደው። ድብ እንዳያይባት ሃይድ ታደርገዋለች።»

«ጎበዝ እናት! በሩስ በየት በኩል ነው?»

«ከሥር፣ በውኃው በኩል። ከላይ ምንም አይታይም።»

«ዋናው ጣራው ነው በይኛ።»

«ያው ጣራው ነዋ ፕሮብለሙ። ስኖው በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ጣራው ቀጭን ከሆነ ይፈርሳል። ልጆቹ ደግሞ ገና ስብ አልያዙም፤ ከረጠቡ በብርድ ይሞታሉ።»

«ታዲያ ወደ ሰሜን ገፋ ብለው ለምን አይወልዱም?»

«ይሄዳሉ አባ። ግን በሄዱ ቁጥር ባሕሩ ይጠልቃል፣ ምግቡ ይርቃል። ደግሞ ሰሜኑም ያልቃል።»

ይህን ሁሉ አየለ ሰኞ ጠዋት አየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ወስዶ ያራግፈዋል። ሰልፉ ሲረዝም ሾፌሮቹ ተሰብስበው «እሺ አየለ፣ አቆስጣዎቹ እንዴት ሰነበቱ?» ይሉታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። በኋላ ግን ብርድ ሲቀንስ ለአየለ እየደወሉ «ይሄ ነገር ለልጅህ ከብቶች ጥሩ አይደለም መሰለኝ» የሚሉ መጡ። እንዲህ ያለ አባት ነበር፤ የልጁ ሥራ ምን እንደሆነ ሳይገባው የሚኮራ አልነበረም፣ ገብቶት ነው የሚኮራው።

አየለ በመጋቢት፣ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ቤቱ በሰው ሞላ። አእምሮዬ ትንሽ መለስ ሲል «ለሊዲያ ደውሉልኝ» አልኩ፤ ስልኬን ብፈልግ ጋሽ ዘውዴ ኪስ ውስጥ ነው፤ የአየለንም ስልክ አጥፍተው ይዘውታል።

«አስካለ፣ እስቲ ረጋ በይ» አሉኝ። «የአባት ሞት በስልክ ይነገራል እንዴ? በረዶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ብቻዋን ሰምታ ራሷን ብትጥል ማን ይይዛታል?»

«ሄሊኮፕተር አለ፣ አውሮፕላን አለ! ትምጣና አባቷን ትቅበር!»

«ሥራዋን ትጨርስ። በግንቦት ስትመጣ ሰብሰብ ብለን በማለዳ ቤቷ ሄደን በወጉ እናረዳታለን። አንቺ አሁን ሐዘንተኛ ነሽ፤ ይሄን ለኛ ተይው።»

ሰው ሁሉ «እውነታቸውን ነው» አለ። ወጉን እኔም አውቀዋለሁ። መንገደኛ ሳይገባ፣ ሳያርፍ፣ እህል ሳይቀምስ መርዶ አይነገረውም፤ ሲነገረውም የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው። ደግ ወግ ነው። ግን ወጉን ያወጡት ሰዎች ልጃቸው ከሰማይ ስልክ የምትደውል አልነበረችም። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ተሳደብኩም። ሐዘን አናወዛት አሉኝ። እኔ ያኔ ካሉት ሰዎች ሁሉ በላይ ልቤ ደህና ነበር።

እሑድ ሊዲያ ደወለች። ሴቶቹ እኔን መኝታ ቤት አስገብተው ግራና ቀኝ ያዙኝ፤ አንዷ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረገች። በሩ ቀጭን ነው፣ ሁሉ ይሰማል። ጋሽ ዘውዴ ድምፃቸውን አለስልሰው «አባትሽ ሥራ ገብቷል፣ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ቤት ልጠብቅ ብዬ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ልጄ» አሏት። ልጄም «እሺ አንክል ዘውዴ፣ ለአባ ይንገሩልኝ፤ ዘንድሮ ብዙ ዋሻ አግኝተናል፣ ደስ ይለዋል» አለች። አየለ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም። እኔ አፌ ውስጥ የጨርቅ ጣዕም አለ፤ እስከ ዛሬም አለ።

ጋሽ ዘውዴ ሁሉን ነገር አስበዋል፤ በረዶው እስከ ግንቦት እንደማይቆይ ብቻ አላሰቡም። ይህን የነገረችኝ ሊዲያ አይደለችም፤ በኋላ ለቅሶ ልትደርሰኝ የመጣች የሥራ ባልደረባዋ ናት። በረዶ ብቻ መጣል ባለበት ወር ላይ ዝናብ ጣለ አለችኝ። ቀንና ሌሊት ዘነበ። የዋሻዎቹ ጣራ ሟሟና ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ነጫጭ ፀጉር የለበሱት ግልገሎች እዚያው ረጥበው ተኙ፤ ወፎችም ቀበሮዎችም መጡባቸው። ከዚያ በረዶው ራሱ ተሰነጠቀ፤ እናትየው በአንዱ ስባሪ ላይ፣ ገና ጡት ያልጣለው ልጇ በሌላው ላይ ሆነው ውኃው ለያያቸው። ሊዲያ ድምፃቸውን እየሰማች ቆማ ነበር አለችኝ። ድንኳኖቹ ሥር ውኃ ሲገባ በሄሊኮፕተር አወጧቸው። ይህን ታሪክ ስናገር ከእኔ ኑሮ ጋር ሊያመሳስሉት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አልወድም። እኔ እኔ ነኝ፣ እነሱ እነሱ ናቸው፤ ሁለታችንም የየራሳችን ይበቃናል።

እንዲህ ሆኖ ልጄ በግንቦት ፈንታ በሚያዝያ መጀመሪያ መጣች። ከአውሮፕላን ስትወርድ ሁልጊዜ የሚቀበላት አባቷ ነው፤ ደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ተኝቶ ይሆናል ብላ ከታክሲ ሰልፉ ቆመች። ተራው የደረሰው ሾፌር አበሻ ነበር። ሻንጣዋን ሊያነሳ ሲል አያትና «የአየለ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። እንዴት ያለ ሰው ነው ያጣነው!» አላት። ሰውየው ምን ያጥፋ? የከተማው ታክሲ ነጂ ሁሉ ወጥቶ የቀበረውን ሰው፣ የገዛ ልጁ አልሰማችም ብሎ ማን ያስባል? በአርባው ቀን ቤቴ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ እኔው ነኝ ያጽናናሁት። ልጄን ያን ቀን በቀጥታ ወደ ቤታችን አምጥቷት ነበር።

ስትገባ ቤቱ ሙሉ ነበር። ጋሽ ዘውዴ መሃል ተቀምጠው የአየለን ደግነት ያወራሉ። የበረዶ ጫማዋን አላወለቀችም። ሰዎቹ ብድግ አሉ፣ ለቅሶው ተነሣ፣ ሴቶቹ ሊያቅፏት ተንደረደሩ። በእጇ ከለከለቻቸው።

«መቼ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ሰንዴይ ስደውል… ሞቶ ነበር?»

«ልጄ፣ ላንቺው ብለን ነው» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «እዚያ ብቻሽን ሆነሽ…»

ወደ እሳቸው አልዞረችም። እኔን ነው የምታየው። «አንቺስ እማ? ቤት ነበርሽ?»

«ነበርኩ» አልኳት።

አፌን የያዙት ሴቶች እዚያው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አንድ ቃል አልተነፈሱም። በኋላ፣ ሰው ሲወጣ፣ እንዴት እንደሆነ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ፣ «እሺ» አለች። አመነችኝ መሰለኝ። ግን ከዚያ «እሺ» ወዲህ የሰጠችኝ ሁሉ እንደዚያ ያለ ነው፤ እሺ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ አለ፣ አየሩ ሞቋል። አባቷን ስታለቅስ አላየኋትም። ከእኔ ጋር ማልቀስ ያለባትን ለቅሶ የት እንዳፈሰሰችው አላውቅም። ጋሽ ዘውዴን ሠርግ ላይ ሳገኛቸው ጉንጫቸውን እስማለሁ፣ ጤናቸውን እጠይቃለሁ። ይቅር አላልኳቸውም፤ ይቅር የሚያሰኝ ነገር እንዳደረጉ የሚያውቁም አይመስለኝም። ሰው ያመሰግናቸዋል፣ አሁንም መርዶ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሊዲያ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ወደ በረዶው ተመላለሰች። ከዚያ «እንግዲህ አንሄድም» አለችኝ። በረዶው ዘግይቶ ይይዛል፣ ቶሎ ይለቃል፤ ድንኳን የሚሸከም አይደለም። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ታያለች። አንድ ቀን በኮምፒዩተር አሳየችኝ፤ ድሮ ነጭ የነበረው ዛሬ ጥቁር ውኃ ነው፣ ነጩ ወደ ላይ ሸሽቶ ተኮማትሯል። አሸዋና ድንጋይ ላይ የሚወልዱ ሌሎች ዓይነቶች አሉ አለችኝ፤ እነሱ ምናልባት ቦታ እየቀየሩ ይኖሩ ይሆናል። እነዚህ ግን ከበረዶ ሌላ መውለጃ አያውቁም። ስለ እነሱ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይሰበራል። እኔ ፊት ድምፅዋ የሚሰበረው ለእነሱ ብቻ ነው፤ አሳፋሪ ቢሆንም ልናገረው፣ በአውሬ እቀናለሁ።

ከገና ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል እያለች በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። ለሙት ዓመቱም ላትመጣ እንደምትችል ነገረችኝ። ተናደድኩ። ባለፈው ሐሙስ ምስር ወጥ ሠርቼ በሜትሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሄድኩ፤ ሳልደውል። ብደውል ሰበብ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ዛሬ አፍ ለአፍ እንነጋገራለን፣ ወይ ትጮህብኛለች ወይ እጮህባታለሁ፣ እሱም ይሻላል ብዬ ነው። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ከስታለች፣ ቅንድቧ ጠፍቷል፣ ራሷ ላይ አንዲት ፀጉር የለም።

«እማ! ለምን ሳትደውዪ…»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ግቢ። ፕሊስ፣ ግቢና ተቀመጪ።»

«ምንድን ነው አልኩሽ!»

«ኬሞ ነው። ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘብኝ። ታኅሣሥ ላይ ኦፕራሲዮን አደረግኩ።» ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። «ዶክተሮቹ ጥሩ ነው ይላሉ። ልነግርሽ ነበር፤ ትሪትመንቱን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ታኅሣሥ ላይ ለስብሰባ ሄጃለሁ ብላኝ ነበር። እኔም ወፍራም ልብስ ያዢ ብያት ነበር።

«ማን ያውቃል?»

«ኦፊስ ያሉት። ጥቂት ጓደኞቼ።» በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። «አንክል ዘውዴም ያውቃሉ።»

«ማን?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው። እሳቸው ይችሉበታል አልኩ። ምናልባት ነገሩ ቢከፋ፣ ሰው ይዘው በጠዋት ቤትሽ ይመጡልሽ ነበር። ብቻሽን ሆነሽ ብትሰሚ ማን ይይዝሻል እማ?»

ፊቷን አየሁት። ልትበቀለኝ እንደሆነ ፈለግሁበት፤ የለም። በበቀል ብትለው እችለው ነበር። ከልቧ ለእኔ አስባ፣ ተጨንቃ፣ በወጉ ያደረገችው ነው። ስንት ዓመት ልጄ ፈረንጅ ሆነችብኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳማት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ምስር ወጤን ታቅፌ በሯ ላይ እንደቆምኩ፣ ልጄን ጥርት ያለች አበሻ ሆና አገኘኋት።